ባቡር አለ ፊትህ

ዶልፊኗን ስገዛት ከነምላስሽ መጣሽ፤
ቀለሟን ቀየርኩት፣ አንቺን ግን ማን ያውጣሽ?
መሪዋን ከቀኝ ወደ ግራ አዛውሬ፣
ከወንበሯ ኋላ አንድ ረድፍ ጨምሬ፣
ጣሪያዋን በቀይ ከፈይ አልብሼ፣
የባሕሩን ሽታ በሽቶ ደምስሼ፣
አንቺ ግን እዚያው ነሽ፤ መዳፍ በምታህል
ጥቁር መስኮት ውስጥ፣ ፊት የለሽ፣ ስም የለሽ፣
ድምፅሽ የታረመ፣ ቁጥብ፣ ሰው አክባሪ፣
እንደ ባንክ ቤቷ ልጅ፣ ተራ ቁጥር ጠሪ።

ከፒያሳ አዘዞ፣ ከአዘዞ ፒያሳ፣
ከነዘንቢሉ ሰው ሳወርድ፣ ሳነሣ፣
አንዲት ቦታ አለች፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣
ባሕር ዛፉ ጎንብሶ አስፋልቱን ሲጠብቅ፣
እዚያ ስደርስ ሁሌ
«ቲን» ትያለሽ፣ ቀጥሎ የዚያን አገር ነገር።
ሁልጊዜ ያው ቦታ። ሁልጊዜ ያው ነገር።

ክንዱ ረዳቴ በበሩ ተንጠልጥሎ
ይመልስልሻል «እሺ እትዬ» ብሎ።
ሰው ይስቃል። እኔም እስቅና
ነዳጁን ረገጥ፤
ያ ቁልቁለት ደግሞ ለእግር ይጣፍጣል።

አንድ ቀን ጋሽ ደርበው ጋቢና ተቀምጠው
(ፎገራ ሩዝ ላይ ከጃፓኖቹ ጋር ዕድሜያቸውን ሰጥተው)
«ምን እንደምትልህ ታውቃለህ?» አሉኝ ደንግጠው።
«ባቡር አለ ፊትህ። ቁም። ግራ ቀኝ እይ።
መስኮትህን ከፍተህ አዳምጥ። ከዚያ እለፍ።»

መኪናው በሙሉ በሳቅ ተናወጠ።
ጎንደር ላይ ባቡር! ሐዲዱስ የታለ?
«ወሬው ነው የሚደርስ፣ እሱማ መች ደርሶ»
አለ ከኋላ አንዱ፣ እንባውን አብሶ።

እኔም ታዘብኩሽ፤ ውሸታም ነሽ ለካ።
በሌለ ነገር ላይ ስንቴ ትጮኺ ኖሯል!
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤
የኔ ግን ቀድሞኝ ነበር የደነደነው።
አፍሽ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ድርብ አድርጌ።

ጥር ነበር። ምሽት፣ አሥራ ሁለት ተኩል፣
ዓይን የሚያጭበረብር፣ ነገር የሚያመሳስል ሰዓት።
ስልኬ ጭኔ ላይ ይንቀጠቀጣል፣
ክንዱ «አንድ ሰው፣ የቀረው አንድ ሰው!»
ቁልቁለቱ ሲያልቅ
ድንገት ዓለም ነጭ።
መስታወቱ ነጭ፣ መንገዱ ነጭ፣ እጄም።
ፍሬን።
ከዚያ የማንም ያልሆነ ዝምታ።

ስወርድ ጉልበቴ ከኔ ቀድሞ ወረደ።
አህያዋ ቆማለች። ጆንያው ተተርትሯል።
አስፋልቱ ላይ የስንት ቀን እንጀራ፣
ከመሃሉ ልጅ፣ ዐሥር ዓመት ቢሆናት፣
ከፀጉሯ እስከ ኮንጎ ጫማዋ በዱቄት ነጥታ
ታስነጥሳለች።
ሞታለች ያልኳት ልጅ ታስነጥሳለች።
ምን ይባላል? ቃል ከየት ይመጣል?
«ከየት ነው የምትመጪው?» አልኳት፣ እንደ ሞኝ።
እጇን ወደ ባሕር ዛፉ ዘረጋች፣
ወደ ቆርቆሮው ቤት፣ ቱክ ቱክ ወደሚለው፤
«ከባቡር» አለችኝ።

ባቡር።
እናቴም እኮ እንዲያ ነበር የምትለው፤
እኛ ጋ ወፍጮው ነው ባቡር የሚባለው፣
እህል ተሸክሞ ሰው የሚወርድለት፣
ሴቱ፣ ልጁ፣ አህያው መንገድ የሚያቋርጥለት።

የዱቄቱን ከፈልኩ፣ የጆንያውንም።
ፕላስተሩን ላጥሁት፤ ሙጫው እስከ ዛሬ አለ።
ዐውቀሽ ነው አልልም።
ካርታሽ የሌላ ባሕር ነው፤ ቀሀን አታውቂ፣ አንገረብን አታውቂ።
ምናልባት ተበላሽተሽ ነው። ምናልባት ልብሽ
የገዛ ሰፈርሽ ማቋረጫ ላይ ቀርቶ።
ብቻ «ቲን» ስትይ እቆማለሁ።

ክንዱ ያጉረመርማል፤ ከኋላ ጡሩንባ፤
ተራ አስከባሪዎቹ «ፌርማታ» ይሉኛል።
ዛሬ ማለዳ አውሮፕላን ሊያመልጣት የደረሰች ሴት
ትከሻዬን መታ መታ አደረገች፤
«ሹፌር፣ መንገዱ ባዶ ነው። ምን ትጠብቃለህ?»
መስኮቱን አወረድኩ። ግራ አየሁ። ቀኝ አየሁ።
«ባቡር» አልኳት።